አሥራ አንድ የልብስ ማጠቢያ ማሽኖችና አንዲት ሳፋ

ባለፈው ወር ከገበያ ስመለስ ከአዲሱ ሆቴል ጓሮ የጋለ ጎማና የዱቄት ሳሙና ሽታ መጣብኝ። ሁለቱ ለየብቻቸው ምንም አይደሉም። ጎማ በየባጃጁ ይሸታል፣ ሳሙናም በየቤቱ አለ። ተቀላቅለው ሲመጡ ግን ለእኔ የአንድ ሰው ሽታ ናቸው፤ የባለቤቴ የተርፋሳ። ዘንቢሌን መሬት አስቀምጬ የሆቴሉን የቀርቀሃ አጥር ተደገፍኩ። አንዲት ልጅ እጇን በሽርጧ እየጠረገች ብቅ አለች።

«እማማ፣ አሞዎት ነው? ውሃ ላምጣልዎት?»

«አላመመኝም ልጄ። ምን እያጠብሽ ነው?»

«አንሶላ ነዋ። መብራት በሄደ ቁጥር ይቺ ማሽን ሁሉን ነገር ትረሳና እንደገና ከመጀመሪያው ትጀምራለች። ዛሬ ይኸው ሦስተኛዋ ነው። አንሶላው ሳይለብሱት አለቀ።»

«የድሮዎቹ አይረሱም» አልኳት።

ሳቀች። «ማሽን ደግሞ ምን ያስታውሳል እማማ?»

ዘንቢሌን አንስቼ ሄድኩ። ግቢዬ ስደርስ ግን ቤት አልገባሁም፤ ወደ ጓሮ ዞሬ ከማንጎው ዛፍ ሥር ያለውን የቆርቆሮ ክፍል ከፍቼ በሩ ላይ ቆምኩ። የማሽኖቹ ቤት እንለዋለን። ተርፋሳ ከሞተ ዓመት ሊሞላው አሥራ አምስት ቀን ቀርቶት ነበር። አሥራ አንድ አሮጌ የልብስ ማጠቢያ ማሽኖች ግድግዳውን ተደግፈው ተደርድረዋል፤ ጀርመኗ፣ ጣሊያኗ፣ እንግሊዟ፣ ሌሎቹም፤ ሁሉም የአውሮፓ፣ ሁሉም ከልጄ ከሲፈን በዕድሜ የሚበልጡ። አቧራ እንዳይገባባቸው አንሶላ ስላለበስኳቸው ለቅሶ ሊደርሱ መጥተው የሚናገሩት የጠፋባቸው ሰዎች ይመስላሉ። አሥሩ ባዶ ናቸው። አሥራ አንደኛዋ፣ ከበሩ አጠገብ የቆመችው ፈረንሳይዋ፣ ባለቤቴ በሞተበት ቀን በገዛ እጁ ያስገባው ልብስ በሆዷ ውስጥ አለ። ዓመት ሙሉ አልከፈትኳትም። ምን ልብስ እንደሆነ እገምታለሁ፤ ግምቴ እውነት ሆኖ እንዳላየው ነው የፈራሁት።

ወደዚህ አገር የመጣሁት በደርግ መጀመሪያ፣ በሰፈራው ጊዜ፣ ከወሎ፣ ከእናቴ ጋር ነው። ልጅ ነበርኩ። ያኔ አሶሳ ዛሬ ባንኩና ሆቴሉ የተገተሩበት ቦታ ሁሉ ሣርና ማንጎ ነበር። ማንጎው ማንም ሳይገዛው መሬት ላይ ይበሰብስ ነበር፤ አሁን በፌስታል ተቆጥሮ ሲሸጥ ሳይ እስካሁን ይገርመኛል። የማይረሳኝ ግን ሳሙናው ነው። አንድ የልብስ ሳሙና በክር እየተቆረጠ ለአራት ቤት ይከፋፈላል። እናቴ የደረሳትን ቁራጭ በጨርቅ ቋጥራ በአንገቷ ታንጠለጥለው ነበር፤ ቤት ብታስቀምጠው አይጥ ይበላዋል። እሁድ እሁድ ወንዝ ወርደን ድንጋይ ላይ እናጥባለን። ውሃው ቀይ፣ አፈሩ ቀይ፣ ነጭ ልብሳችን ሁሉ በሁለት ክረምት የጡብ መልክ ያዘ። እናቴ ይህን አገር የረገመችው በወባው አልነበረም። «ነጭ የማይበረክትበት አገር» ትል ነበር።

ስለዚህ ተርፋሳን መጀመሪያ ሳየው ያየሁት ሸሚዙን ነው። ትምህርቴን ጨርሼ በዚያው በተማርኩበት ትምህርት ቤት ማስተማር የጀመርኩበት ዓመት ነበር። ከአንገቱ ሰፋ ያለ ነጭ ቴትሮን ሸሚዝ፣ ከታች ሰፊ ሱሪ፤ ያ ሱሪ አዲስ አበባ ላይ ፋሽኑ ካለፈ ቆይቷል ይባል ነበር፣ እኛ ዘንድ ግን ገና መድረሱ ነው። በዚያ ቀይ አቧራ መሃል ከሰኞ እስከ ሰኞ ነጭ የሚለብስ ወንድ! የመምህራን ማረፊያው ሁሉ ስለ እሱ ያወራል። ከባምባሲ በላይ ያለ የወለጋ ልጅ ነው፣ ጸሎት ቤት ይዘምራል፣ ፈረንጆች በሚያሠሩት ክሊኒክ ልብስ ያጥባል። «ወንድ ልብስ አጣቢ!» ብለን ሳቅን። በኋላ ሄጄ ሳይ ልብሱን የምታጥበው ማሽን ናት፤ እሱ አጠገቧ ቆሞ ጆሮውን ጎኗ ላይ ለጥፎ ያዳምጣል። አንዲት ሸምገል ያለች ፈረንጅ ነርስ ነበረች ያስተማረችው። የክሊኒኩ ልብስ ሁሉ ነጭ ነው፤ አንሶላ፣ ጋዋን፣ ፋሻ። ይህን አሁን ልብ በሉልኝ። ሰውዬው በዚያ ሥራ ላይ በቆየባቸው ዓመታት ሁሉ ነጭ ያልሆነ ነገር አጥቦ አያውቅም።

ከተጋባን በኋላ ፈረንጆቹ ሄዱ። ለምን እንደሄዱ ያኔም በሹክሹክታ ነበር የሚወራው። ክሊኒኩ ተዘጋ፣ አልጋውም ብርጭቆውም ተከፋፈለ፣ ማሽኗን ግን የሚወስድ ጠፍቶ ማንጎ ሥር ዝናብ ሲመታት ከረመች። አንድ ቅዳሜ ተርፋሳ ሁለት ረጃጅም ቀርቀሃ ቆርጦ፣ በጠፍር አያይዞ ቃሬዛ ሠራ። አራት ጎረምሶች ማሽኗን እላዩ ላይ አጋድመው፣ አንሶላ አልብሰው፣ እሱ ከፊት እየመራ በዋናው መንገድ አለፉ። የገበያ ሰው ባርኔጣውን እያወለቀ መንገድ ለቀቀ።

«ማነው የታመመው?» ብሎ አንዱ ጠየቀ።

«ጀርመን ናት» አለ ተርፋሳ ሳይስቅ። «ኩላሊቷን ነው።»

ኩላሊት የሚለው ውሃ መግፊያዋን ነው። ለእያንዳንዱ ዕቃ የአካል ስም ነበረው። የሚያዞራት የጎማ ቺንጋ ጅማት፣ ኩሽኔታው ጉልበት፣ በላይዋ ላይ የምትዞረው ቁጥር ያለባት ማዞሪያ ግን ሰዓት ትባላለች፤ ለእሷ የአካል ስም አልሰጣትም። «ይቺ ነፍስ ናት፣ ነፍስ ደግሞ ስም አይወጣላትም» ይላል። ያቺን ቃሬዛ ለሌሎቹም ተጠቀምንባት። ከአንዷ በቀር ሁሉም የገቡት በእሷ ነው። ባለፈው ዓመት እሱን ከግቢ ያወጡት በሌላ ነው፤ በማሽኖቹ ቃሬዛ እናውጣው ያለ ሰው ነበር፣ እኔ እንቢ አልኩ። አሁንም ከማሽኖቹ ቤት ጀርባ ቆማለች።

ሌሎቹን ያመጣልን ሐሩን ነው። ሐሩን የሆሞሻ ሰው ነው፣ በርታ፣ ያኔ የአሮጌ ጭነት መኪና ረዳት ነበር፣ በኋላ ሾፌር፣ ከዚያ የመኪናው ባለቤት ሆነ። ከድንበር ወዲያ ማዶ አንድ ነገር ባየ ቁጥር፣ የእርዳታ ሠራተኞች ቤት ለቀው ዕቃ በጨረታ በሸጡ ቁጥር ይጠራናል። እንግሊዟን፣ ልብስ የምትጨምቅባቸው ሁለት ጥቅል እንጨቶች ያላትን፣ ከሱዳን በኩል ያመጣት እሱ ነው፤ የመጨረሻዋ ባለቤት ዶሮ ታሳድርባት ነበርና ላባ አወጣንላት። ጣሊያኗን ፍለጋ ሁለቱ ካማሺ ድረስ ሄደው መንገዱ ጎርፍ በልቶት አምስት ቀን ቀሩ። እኔ ሞቱ ብዬ ሳለቅስ በትራክተር ጋሪ ላይ ማሽኗን መሃላቸው አስቀምጠው፣ ጭቃቸውን እንደ ካባ ደርበው፣ እየዘፈኑ መጡ። ሐሩን እኔን ኡስታዛ ይለኛል፣ በእነሱ አስተማሪ ማለት ነው። አማርኛው ሴትና ወንድ አይለይም። መጀመሪያ ላይ እያረምኩት ነበር፣ አስተማሪ ነኛ። በኋላ ተውኩት።

«ኡስታዛ፣ አንተ ለምን ታለቅሳለህ? ይሄ ባልህ፣ ይሄ ማሽን። ሁለቱም ደህና መጣ» አለኝ ያን ቀን።

የማሽኖቹ ወረቀት በጀርመንኛ፣ በፈረንሳይኛ፣ በጣሊያንኛ ነው። ተርፋሳ አማርኛና ኦሮምኛ እንጂ የፈረንጅ ፊደል እስከዚህም ነው። ማታ ማታ በኩራዝ እኔ መዝገበ ቃላት ይዤ እቀመጣለሁ፣ እሱ ካቻቢቴና ፒንሳውን ዘርግቶ ይቀመጣል። አንዱን ቃል በሁለት መዝገበ ቃላት አሻግሬ አማርኛ ላይ ሳደርስ እሱ ሥዕሉን አይቶ ቀድሞኝ ይገባዋል። «ማሰሪያ» እላለሁ። «ፈታሁት እኮ» ይላል። ቴፑ አጠገባችን ይዘፍናል፤ አንዷ ካሴታችን መሃሏ ተበልታ ዘፋኙ ሁልጊዜ አንዷ ቃል ላይ ይንቀጠቀጥ ነበር፣ እኛም አብረነው እንንቀጠቀጥ ነበር። ለእኔ ፍቅር ማለት ያ ነው። ሌላ ሰው ስለ ሌላ ነገር ያወራ ይሆናል፤ እኔ የጣሊያን ማሽን ውሃ በስንት ደቂቃ እንደምትተፋ ያወቅኩበት ክረምት ነው ትዝ የሚለኝ።

ግን ነገሩ እንዲህ ብቻ ቢሆን ዛሬ አልጽፍም ነበር። በዚያ ሁሉ ዘመን፣ አንድ ማሽን ሁለት ሲሆን፣ ሁለቱ አሥር ሲሆኑ፣ እኔ የማጥበው በሳፋ ነበር። በአረንጓዴ የፕላስቲክ ሳፋ፣ ከማንጎው ሥር፣ አጭር የእንጨት ዱካ ላይ ቁጭ ብዬ። ምክንያት አያጣም። ውሃ የለም። ውሃ ሲመጣ መብራት የለም። መብራት ሲመጣ ኃይሉ ዝቅ ብሏል፣ ዲናሞዋን ያቃጥላታል። ሁሉም ሲሟላ «ገና አልዳነችም» ይላል፤ እሱ ዘንድ ማሽን ሙሉ በሙሉ ድና አታውቅም። የሚሞክራቸው በአሮጌ ጨርቅ ነው፣ ከነጭ አንሶላ በተቀደደ። ጎረቤቶቼ ያሾፉብኝ ነበር። «የማሽኖቹ እመቤት፣ ጣትሽ እንዴት አደረ?» ይሉኛል። እኔም እስቃለሁ። ሲፈን ስትወለድ የእሷን ጨርቅ በሳፋ፣ ስታድግ ዩኒፎርሟን በሳፋ፣ የእሱንም ነጭ ሸሚዞች በሳፋ። ሸሚዞቹን በኋላ ያነጣሁት እኔ ነኝ፤ ሰው ግን ማሽኑ ነው ይል ነበር፣ እሱም አላስተባበለም። ይህችን ቆጥሬ ይዣት እንደኖርኩ የገባኝ በመጨረሻው ቀን ነው።

ፈረንሳይዋ የመጣችው ጡረታ ከወጣን በኋላ ነው፣ ሐሩን በጾሬ መንገድ ሠፍረው ከነበሩ የእርዳታ ሠራተኞች ገዝቶ። ቀጭን ናት፣ መስኮት የላትም። ከላይ ክዳኗን ታነሣለህ፣ ከሥሩ ደግሞ ሁለት የብረት ከንፈር አለ፣ እሱን ስትፈለቅቅ ልብሱ ይገባል። ከተዘጋች በሆዷ ያለውን ማንም አያይም። ተርፋሳ ከሁሉ አብልጦ ወደዳት። አንድ ቀን ጠራኝና ስትሠራ መሃል ላይ ገመዷን ነቀለ። «ነይ ምሳ እንብላ» አለኝ። በላን፣ ተኛን፣ የቀኑ ሙቀት በረድ ሲል ተመልሰን ገባን። ሲሰካት ቀጭ አለችና ካቆመችበት ቀጠለች።

«አየሽ ዘውዴ? ሰዓቷ ባለችበት ቆማ ትጠብቃለች። አትረሳም።»

«ሰው ቢሆን ቂመኛ ይባል ነበር» አልኩት።

ሳቀ። ጥርሱ እስከዚያ ዕድሜው ድረስ ሙሉ ነበር።

ያን የመጨረሻውን ቀን አሁን በዝግታ ልጽፈው። የበዓል ዋዜማ ነበር። ነጠላዬን ላጥብ ተቀመጥኩ፤ ጥለቱ ቀይ የሆነውን፣ እናቴ ከመሞቷ በፊት የፈተለችውን። ወገቤ አልታዘዝ አለኝ። ጣቶቼ መታጠፍ ከጀመሩ ቆይተዋል። እሱ ከማሽኖቹ ቤት አዲስ ሰማያዊ ቱታ ለብሶ ወጣ፤ ሲፈን ከነቀምቴ የላከችለት፣ ገና ሽታው ያልለቀቀ። «ዘውዴ፣ ፈረንሳይዋ ዛሬ ድምጿ አምሯል» አለኝ። ምን እንደነካኝ አላውቅም። ሳፋውን በእግሬ ገፋሁት፣ ውሃው ዱካው ላይ ፈሰሰ።

«አሥራ አንድ ማሽን ባለበት ቤት፣ ሳፋ ላይ እንደጎበጥኩ እንደምሞት እወቀው» አልኩት። «አንድ ቀን እንኳ፣ አንድ ቀን አጥበህልኝ ታውቃለህ?»

እኔ ነጠላውን እንዳለ፣ ሳላጥበው፣ ቅርጫቱ ውስጥ ወርውሬ ቤት ገባሁ። ከዚያ የማሽን ድምፅ ሰማሁ። ቀትር ሊሆን ሲል ድምፁ በመሃል ተቋረጠ፣ መብራት ሄደ። ስወጣ ማንጎው ሥር በአሮጌ ቱታው ተቀምጦ የመብራቱን መስመር ሽቅብ ያያል። «መብራት ሲመጣ ታያለሽ» አለኝ። ምን እንደማይ አልጠየቅኩትም። ኩርፊያዬ ገና ነበር። ወደ ማታ ደረቴን ከበደኝ አለ፤ በባጃጅ ስንወጣ መንገድ ላይ እጁ በእጄ ውስጥ ቀዘቀዘ። ሆስፒታሉ በር ስንደርስ ከተማው በሙሉ ጨለማ ነበር።

መብራቱ በሦስተኛው ቀን መጣ። ድንኳኑ ሙሉ ነው። በአንድ በኩል የእሱ ጸሎት ቤት ሰዎች በዝግታ ይዘምራሉ፣ በሌላ በኩል የእኔ ወሎዬዎች ተቀምጠዋል፣ ሐሩንና ሰዎቹ ከደጅ ናቸው። በድንገት አምፖሉ በራ። ያኔ ከጓሮ ቀጭ አለ። ከዚያ ማሽኑ ቀስ ብሎ፣ እንደሚያጉረመርም ሰው፣ መዞር ጀመረ። የማሽኖቹ ቤት በር ተቆልፏል፣ ቁልፉ በመቀነቴ ውስጥ ነው። መዝሙሩ ቆመ። አንዱ «በስመ አብ!» አለ፣ አንዱ «በኢየሱስ ስም!» አለ፣ ከደጅ «ቢስሚላህ!» ተባለ። አንዲት ሴት «ተርፋሳ ነው! ሥራውን ሊጨርስ ነው!» ብላ ጮኸችና ድንኳኑ ግማሽ በግማሽ ባዶ ሆነ። እኔ ተነሣሁ። ቁልፉን ከመቀነቴ አውጥቼ ከፈትኩ። ፈረንሳይዋ ብቻዋን ትሠራለች፣ ማዞሪያዋ በእሱ እጅ በተተወችበት ቦታ። ገመዱን ነቀልኩት። ሆዷ ውስጥ ያለው ልብስ አንድ ጊዜ ተገለበጠና ውሃው ተንቦጫረቀ፤ ከዚያ ጸጥ አለ።

ሐሩን በሩ ላይ ቆሞ ነበር። «ኡስታዛ፣ ለምን ነቀልክ? እሱ ማሽን የሞተ ሰው አይደለም። መብራት ጠበቀ፣ መብራት መጣ። ይጨርስ።»

«ተወኝ» አልኩት።

በአርባኛው ቀን ልብሱን አውጥተን ለሰው ሰጠን። ሸሚዞቹ አሉ፣ ኮቱ አለ፣ አሮጌው ቱታ አለ። አዲሱ ሰማያዊ ቱታ የለም። ያኔ ገባኝ። እኔ አንድ ቀን እንኳ አጥበህልኝ አታውቅም ብዬው ስገባ፣ እሱ ቱታውን አውልቆ፣ የራሱን ቱታ አስገብቶ አጠበ። የመጨረሻ መልሱ ያ ነበር። ከዚያ ወዲህ የራሴን ሳጥንም ቅርጫቱንም አልነካሁም፤ ጥቁር ለብሻለሁ፣ ሌላ ልብስ አያስፈልገኝም ብዬ ነገሩን ለራሴ አሳመርኩት። ነጠላው ቅርጫቱ ውስጥ እንዳለ፣ እንደቆሸሸ፣ ባገኘው ምን እሆናለሁ? ቤቱን የሚያጸዱልኝ የጎረቤት ሴቶች ቅርጫቱን ወደ ጓዳ አስገብተውት ነበር፤ በዚያ በኩል ስሄድ ፊቴን አዞራለሁ። ሌሊት ቀጭ የሚል ድምፅ የምሰማ ይመስለኛል። ማንጎ ቆርቆሮው ላይ ሲወድቅ ነው እላለሁ። ማንጎ በሌለበት ወርም እሰማዋለሁ። ሲፈን በስልክ «እማዬ፣ ሽጫቸው። አዲስ አበባ ለካፌ ጌጥ የሚፈልጋቸው ሰው አለ፣ ሁሉንም ነው የሚወስደው» ትለኛለች። «ፈረንሳይዋንስ?» እላለሁ። «እሷን አስበልጦ» ትለኛለች። ያላየሁት መልስ ካፌ ውስጥ ቆሞ፣ ሰው እላዩ ላይ የአበባ ማሰሮ ሲያስቀምጥበት ይታየኛል።

እንግዲህ ያቺ የሆቴል ልጅ ማሽን ምን ያስታውሳል ያለችኝ ቀን፣ በሩ ላይ ቆሜ ይህን ሁሉ ሳስብ ቆየሁ። ጥቁሬን የማወልቅበት ቀን ቀርቧል፣ ሳጥኔን መክፈት አይቀርም፤ የካፌው ሰው ደግሞ ማሽኖቹን ሊጭን ሳይዘገይ ይመጣል። ሳላውቅ ልቀር እችል ነበር። አልቻልኩም። ሐሩንን አስጠራሁት። ሸብቷል አሁን፣ መኪናውን ልጁ ነው የሚነዳው። አንሶላውን ገፎ ፈረንሳይዋን ዞሮ ዞሮ አያት፣ ከኋላ ከፍቶ ቺንጋውን በጣቱ ሳበው።

«ጎማው ደርቋል። ትንሽ ያንጠባጥባል። ይሠራል ግን» አለ። «መጀመሪያ ክፈትና እይ? ወይስ እንደዛው ልሰካ?»

«እንደዛው» አልኩት። «ይጨርስ።»

አየኝ። «እኔ ያን ቀን ይጨርስ አልኩህ፣ አንተ ተወኝ አልክ።»

«ያን ቀን አልቻልኩም ሐሩን።»

«ማሌሽ» አለ፤ አይዞሽ እንደማለት ነው በእነሱ። ሮቶውን ሞላልኝ፣ ቧንቧውን አገናኘ፣ ማዞሪያዋን ሳይነካ ሰካት። ለጥቂት ጊዜ ምንም። ከዚያ ቀጭ አለች። ውሃ መግባት ጀመረ። እኔ በዱካዬ ላይ፣ በዚያው በድሮው ዱካ፣ ጎኗ ላይ ጆሮዬን ለጥፌ ተቀመጥኩ፤ እንደዚያ ተቀምጬ አላውቅም፣ እሱ ነበር እንደዚያ የሚቀመጠው። የጋለ ጎማው ሽታ መጣ። የሻገተ ጨርቅ ሽታም መጣ፣ ዓመት የታፈነ። መሬቱ ላይ ውሃ እየሮጠ እግሬን ነካኝ፤ ሰማያዊ ነበር። ቱታው ነው አልኩ በልቤ። አወቅሁት። ሐሩን ቀና ብሎ ወደ ውጭ አየ፣ እኔን ላለማየት።

በመጨረሻ ጨመቀች፣ ግቢው ሁሉ ተንቀጠቀጠ፣ ቃሬዛዋ ከግድግዳው ተንሸራታ ወደቀች። ከዚያ ቆመች። ክዳኗን አነሣሁ። ሁለቱን የብረት ከንፈር እኔ ራሴ ፈለቀቅሁ። ከላይ ቱታው ነበር፣ የተጠመዘዘ። ስስበው ከባድ ሆነብኝ። የቱታው እጅጌ ሌላ ነገር ላይ ተጠምጥሞ ይዞት መጣ። ረጅም ነገር፣ ስስ፣ ጫፉ ላይ ቀይ ጥለት ያለው።

ነጠላዬ ነበር። ከቅርጫቱ አውጥቶታል። ከቱታው ጋር አንድ ላይ አስገብቶታል፤ በሕይወቱ ሁሉ ነጭ ብቻ ያጠበ ሰው፣ አዲስ ቱታ ቀለሙን እንደሚለቅ ማን ነግሮት? ያን ሁሉ ዓመት በዱካ ላይ ተቀምጬ ስለይ አይቶኛል፣ ነጩን ለብቻ፣ ባለቀለሙን ለብቻ፤ ለምን እንደሆነ አልጠየቀኝም፣ እኔም አልነገርኩትም። የማሽኖቹን ወረቀት በሦስት ቋንቋ አነበብኩለት፣ ይህችን አንዷን ነገር ግን አልነገርኩትም። እናቴ የፈተለችው ነጭ ነጠላ ሰማያዊ ሆኗል። አንድ ወጥ እንኳ አይደለም፤ እዚህ ደመቅ፣ እዚያ ፈዘዝ፣ በአንድ ጎኑ የሻጋታ ነጠብጣብ አለበት።

«ተበላሸ?» አለ ሐሩን።

ሳቅ ነው የያዘኝ መሰለኝ። ሐሩን ግን የራሱን ሻርፕ አውልቆ ፊቴን እንድጠርግ ሰጠኝ።

ሦስት ቀን ፀሐይ ላይ አሰጣሁት፣ አገላብጬ። ሽታው ለቀቀ፣ ቀለሙ አልለቀቀም። ቱታውን ለሐሩን ሰጠሁት። ለሲፈን ደወልኩና አሥሩን ይውሰድ፣ ፈረንሳይዋ ግን አትሸጥም አልኳት። «ምን ታደርጊያታለሽ እማዬ?» አለችኝ። «ልብስ አጥብባታለሁ» አልኳት። ሌሊት ሌሊት አሁንም ቀጭ የሚለውን እሰማለሁ። በፊት ተነሥቼ እቀመጥ ነበር፤ አሁን እዚያው ተኝቼ አዳምጠዋለሁ።

ዓመቱ የሞላ ዕለት ጥቁሬን አውልቄ ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። ሴቶቹ በሩ ላይ ሰብሰብ ብለው ነበር። ከእኛው ሠፈር የሆነች፣ ያን ቀን ድንኳኑ ውስጥ የጮኸችው ሴት፣ ጠጋ ብላ የነጠላዬን ጫፍ በጣቶቿ ያዘች።

«ውይ እትዬ ዘውዴ! የእናትሽን ነጠላ! ምን ነካብሽ?»

ነጠላውን ከእጇ ተቀብዬ ትከሻዬ ላይ አስተካከልኩት።

«ባለቤቴ ነው ያጠበልኝ» አልኳት።